ሰባቱ ሐዘኖች በሰባት ጥንድ ገጽ፦ ባለ 16 ገጽ የሥዕል ዚን አሠራር በጅማ

ዚን የሚባለው በጥቂት ቅጂ በፎቶ ኮፒ የሚባዛ፣ በእጅ ታጥፎ በእጅ የሚሰፋ ቀጭን የሥዕልና የጽሑፍ ጥራዝ ነው። አሳታሚ አይጠይቅም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ደስጣ ወረቀትና የሚታመን ፎቶ ኮፒ ቤት ይበቃዋል። እዚህ የምናሳየው በኤ5 መጠን (148 በ210 ሚ.ሜ.)፣ በጥቁርና በቀይ፣ በ50 ቅጂ የሚወጣ ባለ 16 ገጽ ዚን ነው። ጉዳዩ የእመቤታችን ሰባቱ ሐዘኖች (ካቶሊኮች ከስምዖን ትንቢት እስከ ልጇ ቀብር የሚያስቧቸው ሰባት መከራዎቿ)፣ አሣሣሉ ሕልም የሚመስል፣ ፊደሉም ከሥዕሉ እኩል የሚናገር ነው። ምሳሌዎቹን ጅማ ውስጥ በዓይን ከሚታይ ነገር አውጥተናቸዋል።

ሕልም መሰል ሥዕል ሲባል ብዙ ጀማሪ ያልተለመደ ነገር መደራረብ ይመስለዋል። በካቶሊክ ሥዕል ይህ አያስፈልግም፤ እንግዳው ነገር ድሮውኑ ውስጡ አለ። የሲራኩሷ ቅድስት ሉሲያ ሁለት ዐይኖቿን በሳህን ይዛ ትቆማለች፤ ፊቷ ላይ ደግሞ ሌሎች ሁለት ዐይኖች አሉ። የፓሪሱ ጳጳስ ዲዮኒስዮስ የተቆረጠ ራሱን በእጁ ይዞ ይሄዳል። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. በ1541 በጨረሰው የሲስቲና ጸሎት ቤት የፍርድ ቀን ሥዕል ላይ ሐዋርያው በርተሎሜዎስ የገዛ ቆዳውን አንጠልጥሎ ይታያል። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 በግ ሰባት ቀንድና ሰባት ዐይን አለው። ቅዱስ ልበ ኢየሱስ ከደረት ውጭ ይነዳል ግን አይከስልም፤ እሾህ ታጥሮበታል፣ አናቱ ላይ መስቀል ተተክሎበታል። ይህ መልክ በተለይ የተስፋፋው ፈረንሳዊቷ መነኩሲት ማርጋሬታ ማርያም አላኮክ እ.ኤ.አ. ከ1673 ጀምሮ ካየችው ራእይ በኋላ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ሥራ ማጋነን አይደለም። ዐይን የተቀመጠበትን ሳህን ልክ ምሳ እንደሚቀርብበት ሳህን አድርጎ፣ ጠርዙ የተላጠውን ኢናሜል ሳይቀር፣ በጸጥታ መሣል ነው። በአንድ ሥዕል ውስጥ የማይሆን ነገር አንድ ብቻ ይሁን፤ የቀረው ሁሉ ከእውነተኛው ዕቃ ጋር አንድ ሆኖ ይሠራ። ሁለተኛ የማይሆን ነገር ሲጨመር አንባቢው ተረት እያነበበ እንደሆነ ይገባውና ዘና ይላል። ያኔ ሥዕሉ ኃይሉን አጣ ማለት ነው።

የማይሆነውን ነገር ለማግኘት ሦስት መንገድ ይበቃል፦ የተሠራበትን ነገር መቀየር፣ መጠኑን መቀየር፣ ያለበትን ቦታ መቀየር። የሰባቱ ሐዘኖች መቁጠሪያ ሰባት ጊዜ ሰባት ጸሎተ ማርያም አለው፤ 49ኙን እንክብሎች በ49 ቀይ የቡና ፍሬ ብትተኩ መጀመሪያውን መንገድ ተጠቅማችኋል። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ቆጥሮ ያገኘዋል፤ የማያውቀውም ቡናውን ያውቀዋል። ፍሬውን ስትሥሉ ጫፉ ላይ ያለችውን እምብርት መሰል ነጥብ አትርሱ። ያለሷ ፍሬው ቼሪ ወይም ዶቃ ይመስላል፣ ጅማ ያለ አንባቢ ደግሞ ወዲያው ያውቅባችኋል። በርጩማም እንዲሁ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ ተገጣጥሞ የሚመታ አይደለም፤ ስለዚህ እግሩና መቀመጫው መካከል የመገጣጠሚያ መስመር አይኑር።

ስለ ፊት አቅጣጫ አንድ ማስጠንቀቂያ

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይን፣ ክፉ ግን በጎኑ ባንድ ዐይን ይሣላል። የላቲን ሥዕሎች ይህ ልማድ የላቸውም። ተንበርክካ በጎኗ የምትታይ ቅድስትን ከፈረንጅ ቅርጻ ቅርጽ እንዳለ ገልብጣችሁ ካመጣችሁ፣ እዚህ ያደገ አንባቢ ሳያስበው ከክፉዎች ይመድባታል። ፊቷን ሁለተኛው ዐይን እስኪታይ ድረስ መልሱት፤ ሰውነቷ በጎን ቢቀር ችግር የለውም። ሁለቱ ባህሎች በነገራችን ላይ ያን ያህል ባዕድ አይደሉም። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ያመጡት የሮማዋ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅጂ ለብዙ የኢትዮጵያ ሥዕለ ማርያም መነሻ ሆኗል። እመቤታችን እጆቿን አነባብራ መሐረብ ይዛ የምትታይበት አሣሣል ከዚያ የመጣ ነው። ያንን የእጅ አያያዝ በዚናችሁ ብትጠቀሙ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ያውቀዋል።

የማይነካም አለ። የቅዱስ ቁርባኑን ኅብስትና ጽዋ በሕልም መሰል ለውጥ ውስጥ አታስገቡ፤ ለምእመኑ ምልክት ብቻ አይደለምና። መስጊድንና የእስልምና ጽሕፈትንም ለጌጥ አትውሰዱ፤ ጅማ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ዚኑም በጎረቤት እጅ ይገባል። ረቂቁን ከማባዛታችሁ በፊት ለቁምስናው ካህን ወይም ነገሩን ለሚያውቅ አንድ ምእመን አሳዩ። በዚህ ጊዜ የሚገኘው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ስለ ድፍረት ሳይሆን ስለ ስሕተት ነው፦ በእመቤታችን ልብ ላይ የሚሣሉት ሰባት ሰይፎች ስድስት ሆነዋል፣ እሾሁ ከልቡ ይልቅ ራስ ላይ ገብቷል፣ የቅዱሱ ምልክት ተቀያይሯል።

የገጹ አደላደል

16 ገጽ ለሰባቱ ሐዘኖች የተሠራ ይመስላል። ገጽ 1 የርእስ፣ ገጽ 16 የአዘጋጆች ስምና ዓመተ ምሕረት ይሆናል። በመካከል ከ2–3 እስከ 14–15 ልክ ሰባት ጥንድ ገጽ ይቀራል። ሽፋኑ ከዚህ ውጭ ራሱን የቻለ አንድ ወፍራም ቅጠል ነው።

አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ይለያል። አራት ቅጠል ኤ4 ወረቀት አንዱ ባንዱ ውስጥ ሲታጠፍ በአንድ ቅጠል ላይ ጎን ለጎን የሚውሉት ገጽ 8 እና 9 ብቻ ናቸው፤ የሌሎቹ ጥንዶች ግራና ቀኝ ከተለያየ ቅጠል ነው የሚመጣው። ከመታጠፊያው ተሻግሮ የሚሄድ ሥዕል ካላችሁ እዚያ ይቀመጥ። እንደ ዕድል ሆኖ ገጽ 8–9 ላይ የሚውለው አራተኛው ሐዘን፣ እናትና ልጅ በቀራንዮ መንገድ የተገናኙበት ነው። ገጹን ዳር እስከ ዳር በተዘረጋ ጃንጥላ ሙሉት፦ የሂርማታ ገበያ በዝናብ ሰዓት። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይሂድ፣ የሚታዩት ፊቶች ሁለት ብቻ ይሁኑ፣ በመካከላቸውም መታጠፊያው ይለፍ። ፊትን ግን መታጠፊያው ላይ አታድርጉ፤ ክሩ አፍንጫውን ይበሳዋል። ከመታጠፊያው ግራና ቀኝ 10 ሚ.ሜ. ፊትም ፊደልም አይግባበት።

በቀሩት ጥንዶች ላይ ሥዕሉ ባንደኛው ገጽ፣ ፊደሉ በሌላው ይቀመጥ። ለስምዖን ትንቢት (ሉቃስ 2፥35) እመቤታችን ሰፌድ ስትሰፋ፣ ወስፌዋ የተነገረላት ሰይፍ ሆኖ ይሣል፤ የወስፌው መጠን አይቀየር፣ የሰይፍ እጀታ ብቻ ይኑረው። ለስደቱ አህያዋ በመንገድ ፋንታ በአዌቱ ወንዝ ውኃ ላይ ትሂድ። ልጁ በቤተ መቅደስ ለጠፋበት የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነትና ደረጃ ውሰዱና ማብቂያ እስኪያጣ ደጋግሙት፤ የእንጨቱ ሥራ ብቻ ይበቃል። አምስተኛውን፣ ስቅለቱን፣ ያለ ሥዕል በአንድ ፊደል እንዲሠራ እንመክራለን፤ ወደሱ እንመለሳለን። ስድስተኛው ላይ ከመስቀል የወረደው ልጅ ከእናቱ አሥር እጥፍ ይግዘፍ፣ በርጩማ ላይ በተቀመጠችው እናቱ ጭን ላይ ግን ይግባ። ለቀብሩ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ያንኑ ሽቦ የተወጠረበትን ረጅም ቆጥ፣ ቃሬዛ አድርጉት። ቡና የሚያደርቁ ሰዎች «አልጋ» ማለታቸው ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶታል።

ፊደሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አብዛኛው ዚን የሚበላሸው ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ ፊደሉ ከኮምፒውተር እንደወረደ ሲለጠፍ ነው።

የግዕዝ ፊደል የላቲኑ ዓይነት ትልቅና ትንሽ መልክ የለውም፣ አጋድሞ መጻፍም ባህሉ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች ቃልን ማግነን ሲፈልጉ ቀለም ይቀይሩ ነበር፤ ስመ አምላክ፣ ስመ ማርያም፣ የምዕራፍ መክፈቻ በቀይ። ስለዚህ ቀዩን ለጌጥ አትበትኑት። በዚህ ዚን ቀይ ለሦስት ነገር ብቻ ይዋል፦ ለእመቤታችን ስም፣ ለቡና ፍሬዎቹ፣ በርእሱ ላይ በቃላት መካከል ለሚገቡት ሁለት ነጥቦች (፡)። ሁለት ነጥቡን ከተጠቀማችሁ በርእስ ሁሉ ላይ ተጠቀሙ፤ አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ሲጎድል የጽሕፈት ስሕተት ይመስላል።

ፊደላችን ሰውነት አለው፤ ራሱ፣ አንገቱ፣ እግሩ እንላለን። ቅዱሳኑ አካላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ፊደሉም አካሉ ሊነቀል፣ ሊነድ፣ ሊረዝም ይችላል። ነገር ግን በእኛ ፊደል የቃሉን ድምፅ የሚወስነው ትንሿ ቅጥያ ናት፣ እሷ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ይሆናል። ሦስት ቦታ ተጠንቀቁ።

አንደኛው አናት ነው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ ከሰ፣ ተ፣ ነ፣ ዘ፣ ደ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለችው ሰረዝ ነው። «ሸማ» የሚለውን አናቱን በደመና ብትሸፍኑት «ሰማ» ይነበባል። «ጅማ» እንኳ ከላይ ከተቆረጠ «ድማ» ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ፦ በ ላይ ጠፍጣፋ ነገር ከጫናችሁ ቨ ይወጣል። «ልብ» የሚለውን ቃል በነበልባል ልታቃጥሉት ከፈለጋችሁ ነበልባሉ ሹል ይሁን፣ ከፊደሉ አናት ቢያንስ 1 ሚ.ሜ. ይራቅ። ዝቅ ብሎ ከተጋደመ «ልቭ» ብሎ የሚያነብ ሰው ይኖራል።

ሁለተኛው እግር ነው። ባ ግራ እግሩ አጭር ነው፣ ቦ ቀኝ እግሩ። ፊደሎቹን ሣር ውስጥ ወይም ውኃ ውስጥ ማቆም ደስ ይላል፤ ግን እግራቸው ሲሰጥም «ሰባት» «ሰበት» ይሁን «ሰቦት» ማንም አያውቅም። የዚኑ ዋና ቃል «ሰባት» ስለሆነ ይህ ስሕተት በየገጹ ይመላለሳል። ውኃው ከረጅሙ እግር ጫፍ በታች ይጀምር፣ ወይም እግሮቹ በውኃው ውስጥ በቀጭን መስመር ይታዩ።

ሦስተኛው የፊደሉ ሆድ ነው፣ በጣም የምንወደው ምሳሌም እዚህ ይገኛል። «ዐይን» የሚለው ቃል የሚጀምርበት ዐ ክብ ነው፤ ዐይን መሆኑ አይቀርም። «አይን» ብሎ በአ መጻፍ ያን ዕድል መጣል ነው። ይሁንና ዐ ውስጥ አግድም ሽፋሽፍት ብትሠሩ ፀ ይሆናል፣ ቃሉም «ፀይን»። ብሌኑን ከክቡ ጠርዝ የማይነካ ነጥብ አድርጉት፤ የነጥቡ ስፋት ከክቡ ሲሶ አይለፍ፣ አለዚያ ፎቶ ኮፒው ደፍኖ ጥቁር ኳስ ያደርገዋል። ሽፋሽፍቱ ከክቡ ውጭ፣ ወደ ላይ፣ በአጫጭር ጭረት ይውጣ።

አሁን አምስተኛው ጥንድ። ተ ራሱ መስቀል ነው፤ በግዕዝ የፊደሉ ስም ታው ይባላል። በሕዝቅኤል 9፥4 በግንባር ላይ የሚደረገውን ምልክት የላቲን ቤተ ክርስቲያን በታው ታውቀዋለች፣ ቅዱስ ፍራንቸስኮስም ፊርማው አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ጉሊየልሞ ማሳያም የፍራንቸስኮስ ልጆች ከሚባሉት ካፑቺኖች ወገን ነበሩ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሚሠራ ዚን አንድ ተ በገጽ 11 ላይ ብቻውን ቢቆም በቂ ነው፤ ቁመቱ 190 ሚ.ሜ.፣ ሥዕሉ በሚሆንበት በግራው ገጽ 10 ላይ ምንም የለም። አናቱ ላይ የኢየሱስን ጽሕፈት ሰሌዳ ልጨምር ካላችሁ ቸ ይሆንባችኋል። ባዶውን ተዉት።

ፊደሉን ለመሣል መቃ ብዕር ከሁሉ ይሻላል። የደረቀ መቃ 15 ሴ.ሜ. ቁረጡ፣ ጫፉን በሰያፍ ጥረቡ፣ አፉን ለ5 ሚ.ሜ. ስፋት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ መካከሉን 10 ሚ.ሜ. ያህል ሰንጥቁ። ስንጥቁ ከሌለ ቀለሙ ባንዴ ይወርዳል፣ ከበዛ ደግሞ አፉ ተከፍቶ ሁለት መስመር ያወጣል። አፉን ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙት፤ ያኔ የቆመው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ይወጣል፣ የብራና ፊደል ውበትም ይኸው ነው። የፊደሉ ቁመት አምስት ወይም ስድስት የብዕር አፍ ይሁን። አንዱን ቃል ሠላሳ ጊዜ ጻፉት፣ ሦስቱን ምረጡ፣ ከሦስቱ የአንዱን አካል ለውጡ። ከዚያ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ከክንድ ርቀት አሳዩት፤ ካላመነታ አለፈ። ራሳችሁ ደጋግማችሁ ማንበባችሁ ማስረጃ አይሆንም፣ ቃሉን ታውቁታላችሁና።

በየጥንዱ ፊደሉ የሐዘኑን ጠባይ ይያዝ። በሦስተኛው ላይ «ጠፋ» ከሚለው ቃል በኋላ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ እየሰፋ ይሂድ። በአራተኛው ሁለት ጠባብ ዐምዶች ከግራና ከቀኝ ይቀራረቡ። በስድስተኛው ቃሉ ፊደል በፊደል ወደ ታች ይውረድ። በብራና ላይ ቃል ያለ ሰረዝ የትም ይቆረጥ ስለነበር ፊደሎቹን ማፈራረቅ ለዐይናችን እንግዳ አይደለም፤ አንዱን ፊደል ለሁለት መክፈል ግን አይቻልም።

ለተከታታይ ጽሑፍ የኮምፒውተር ፊደል ተጠቀሙ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለብራና መልክ ይቀርባል፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ደግሞ ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው። አንዱን ምረጡ። ደማቅ ውፍረት ያልተሠራለትን ፊደል ቦልድ ብላችሁ ብትጫኑት ፕሮግራሙ ከውጭም ከውስጥም ያወፍረውና የጨ እና የጠ ቀዳዳ ይደፈናል። መጠኑ 11 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱ 16 ወይም 17 ነጥብ ይሁን፤ ለላቲን የሚበቃው ርቀት ለእኛ ፊደል ይጠባል። የመስመሩ ስፋት 110 ሚ.ሜ. ሲሆን ከ35 እስከ 45 ፊደል ይይዛል። ግራውን ብቻ አስተካክሉ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነውና ግራና ቀኝ እኩል ይሁን ሲባል «እንደሚያስፈልጋቸው» ያለ አንድ ቃል ወደ ታች ሲወርድ የላይኛው መስመር ጥርሱ የወለቀ ይመስላል።

ከሥዕል ወደ ፎቶ ኮፒ

ዋናውን ሥዕል በኤ4 ሥሩና ወደ 71 በመቶ አሳንሱት፤ ልክ ኤ5 ይሆናል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ያንሳል። የብዕር መስመር ከ0.3 ሚ.ሜ. አይቅጠን። ሲያንስ 0.2 ገደማ ይሆናል፣ ከዚያ በታች ያለውን ማሽኑ ቆራርጦ ያወጣዋል። ጥላን በእርሳስ ማሸት አይሆንም፤ ግራጫው ወይ ይጠፋል ወይ ይቆሽሻል። በጭረት ወይም በነጥብ ሥሩት። ተለጥፈው የሚሠሩ ቁርጥራጮች ጠርዛቸው በኮፒው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጠርዙን በኮላ በደንብ አጣብቃችሁ በማጥፊያ ፍሉድ ሸፍኑት።

በስካነር በኢንች 600 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጋችሁ አንሡ። በስልክ ካሜራ ማንሳት ካለባችሁ በመስኮት አጠገብ፣ መብራት አጥፍታችሁ አንሡት፤ ያም ሆኖ የገጹ አንድ ዳር ይጨልማልና በጂምፕ ወይም በሌላ ፕሮግራም ማስተካከል አይቀርም። ፋይሉን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በፒዲኤፍ ብቻ ውሰዱ። በወርድ ፋይል ከወሰዳችሁት የእናንተ ፊደል እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ በሌላ ይተካል፣ ገጹም ሁሉ ይፈርሳል።

የገጹ ዙሪያ 8 ሚ.ሜ. ባዶ ይቅር፤ የተለመዱ ማሽኖች እስከ ዳር አያትሙም። ሰፊ ጥቁር መደብም አትሥሩ። ቶነሩ (የማሽኑ ዱቄት ቀለም) መስመር እየሠራ ይወጣል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ይፈረፈራል። ለሰባተኛው ሐዘን ጨለማ ካስፈለገ በጥቅጥቅ ጭረት ሥሩት፣ በጨለማው ላይ የሚገባው ነጭ ፊደል ከ14 ነጥብ አይነስ።

የገጾቹ አደራደር ይህ ነው፤ በየፊቱና በየጀርባው ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ 17 ይሆናሉ፣ በዚያ አረጋግጡ።

አንደኛ ቅጠል፦ ፊቱ 16 እና 1፣ ጀርባው 2 እና 15
ሁለተኛ ቅጠል፦ ፊቱ 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13
ሦስተኛ ቅጠል፦ ፊቱ 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11
አራተኛ ቅጠል፦ ፊቱ 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9

የመጀመሪያ ቁጥር ሁልጊዜ ግራ ነው። ሁለቱንም ገጽታ ስታሳትሙ ማሽኑ በአጭሩ ጎን እንዲገለብጥ ንገሩ፤ በረጅሙ ከገለበጠ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አስወጡ፣ እዚያው አጥፋችሁ ከገጽ 1 እስከ 16 ግለጡት። ሃምሳውን ካዘዛችሁ በኋላ የሚገኝ ስሕተት 200 ቅጠል ይዞ ይሄዳል።

ለ50 ቅጂ 200 ቅጠል ባለ 80 ግራም ወረቀት ያስፈልጋል፣ ለብልሽት 20 ጨምሩ። ለሽፋን ለሠርግ ጥሪ ካርድ ከሚሆነው ወፍራም ወረቀት ከ160 እስከ 200 ግራም፣ 55 ቅጠል። በክረምት የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ የተከፈተ ደስጣ እርጥበት ስቦ ይጠማዘዛል፣ በማሽን ውስጥም ይታሰራል። ወረቀቱን እስከሚታተምበት ሰዓት ከመጠቅለያው አታውጡ፣ የቀረውን በፌስታል አስራችሁ አስቀምጡ።

ቀዩ፣ ሽፋኑና ስፌቱ

የቀለም ማሽን ውድ ከሆነ ቀዩን በማኅተም አስገቡት። በእያንዳንዱ ጥንድ ግርጌ ሰባት የቡና ፍሬ አለ። አንድ ፍሬ ቀርጾ እየደጋገሙ መምታት ለ50 ቅጂ 2,450 ምት ነው፤ ሰባቱን ፍሬ በአንድ ተራ ባንድ ትልቅ ላጲስ ላይ ከቀረጻችሁ 350 ብቻ ይሆናል። በከተር ወደ 2 ሚ.ሜ. ጥልቀት ቅረጹ፣ የቅርጹ ግድግዳ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ጠርዙ ቶሎ ይሰበራል። የእመቤታችንን ስም ስትቀርጹ ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ይቀረጽ። ቀይ የማኅተም ቀለም ተጠቀሙ፣ ከማጠፋችሁ በፊት ምቱ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ለየብቻ ዘርግታችሁ አድርቁ። አንድ ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ መሆኑ አያሳስባችሁ፤ የእጅ ሥራ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሽፋኑን በቡና መቀባት ይቻላል። ያልተጣራ አተላ እንዳይገባበት ቡናውን በጨርቅ አጥሉት፣ በሰፊ ብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፉ። ቶነር ፕላስቲክነት ስላለው ሥዕሉ አይለቅም፤ በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማሽን) የታተመ ከሆነ ግን ይለቃል፣ አትሞክሩት። ገና ትንሽ እርጥብ ሳለ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ አለዚያ ይሸበሸባል።

ኤ4 ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ጭረቱ (የወረቀቱ ቃጫዎች አቅጣጫ) በቁመቱ ነው የሚሄደው፤ እኛ ደግሞ ይህን ጭረት አቋርጠን ነው የምናጥፈው። ቀጭኑ ወረቀት ይችለዋል፣ ወፍራሙ ሽፋን ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሽፋኑን ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ አስኪዱበት፣ ከዚያ እጠፉ፣ በማንኪያ ጀርባ ዳምጡ።

የተለመደ ስቴፕለር እስከ መታጠፊያው አይደርስም። ስፌት ይሻላል፣ ከጉዳዩም ጋር ይሄዳል። አራቱን ቅጠልና ሽፋኑን አንድ ላይ ክፈቱ፣ በወስፌ መታጠፊያው ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፦ አንዱ መካከል፣ ሁለቱ ከሱ በ60 ሚ.ሜ. ወዲያና ወዲህ። 55 ሴ.ሜ. የጥልፍ ክር ውሰዱ፣ በሰም ወይም በሻማ ላይ ሁለት ጊዜ ጎትቱት። ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ ግቡ፣ በታችኛው ወደ ውጭ ውጡ፣ እንደገና በመካከለኛው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሁለቱ የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ ይሁኑና ክሩን አቅፈው ይታሰሩ። ክሩን ስትወጥሩ ከመታጠፊያው ጋር ትይዩ ሳቡ፤ ወደ ላይ ከሳባችሁ ወረቀቱ ከቀዳዳው ይቀደዳል። ቀይ ክር ከመረጣችሁ በገጽ 8–9 ላይ፣ በሁለቱ ፊቶች መካከል፣ ቋጠሮው ይታያል።

ሲታጠፍ የውስጠኞቹ ገጾች ከውጭኞቹ 1 ሚ.ሜ. ያህል ይወጣሉ። መቁረጥ ያለበት ከተሰፋ በኋላ ነው፤ የብረት ማስመሪያ፣ አዲስ የከተር ምላጭ፣ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን። በአንድ ምት ለመቁረጥ አትሞክሩ፣ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በቀስታ አስኪዱት። ምላጩን በየአሥር ቅጂው ሰብራችሁ አዲሱን ጫፍ አውጡ፤ የደነዘዘ ምላጭ የመጨረሻውን ገጽ ይጎትተዋል። ሃምሳውን አንድ ላይ ደርድራችሁ፣ ግማሹን መታጠፊያ ወደ ግራ ግማሹን ወደ ቀኝ አድርጋችሁ፣ ከመጻሕፍት ሥር አሳድሩ። ያልታጠፈ አንድ ሙሉ ቅጂ ደግሞ ከዋናዎቹ ሥዕሎች ጋር በፕላስቲክ ማኅደር፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ኅትመት የሚጀምረው ከሱ ነው።